ልጃችሁ የአሜሪካ ፉትቦል ይችላል፤ አሰልጣኞቹ ግን አያውቁትም፦ ከሃይስኩል ሜዳ ወደ ኮሌጅ ቡድን የሚያደርስ መመሪያ

ኖቬምበር ነው። ዓርብ ማታ፣ ሜሪላንድ። የተቀመጥኩበት የብረት ወንበር በረዶ ነው። ጋቢዬን ከጃኬቴ ላይ ደርቤ ልጄን አያለሁ። በዚያች ማታ ኳስ የያዘውን ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ጣለ። ቡድኑ ግን እንደ ልማዱ ተሸነፈ። ጨዋታው ሲያልቅ ዙሪያዬን ቃኘሁ። የኮሌጅ ኮፍያ ያደረገ ሰው ለምልክት እንኳ አልነበረም። እናቱ "ታዲያ ማን ያየዋል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ ያደግሁት በጨርቅ ኳስ ነው። ሞላላዋን ኳስ ያስተዋወቀኝ ልጄ ነው። ሕጉን፣ ወረቀቱንና ገንዘቡን ግን ሁለታችንም የተማርነው እየተሳሳትን ነው። ከናንተ መካከል ልጁ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ያለ ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። 12ኛ ከደረሰም አልመሸም፤ ግን ፈጠን በሉ።

ልጁ ለምን አልታየም?

ጠላት ስላለው አይደለም። በአሜሪካ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሃይስኩል ልጆች ፉትቦል ይጫወታሉ። አንድ የኮሌጅ ቡድን በዓመት ከሃይስኩል የሚወስደው ጥቂት ልጆችን ነው። አሰልጣኙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቀድሞ ወደሚያውቃቸው፣ በየዓመቱ ተጫዋች ወደሚያወጡት ሃይስኩሎች ይሄዳል። ልጃችሁ የሚሸነፍ ቡድን ውስጥ ከሆነ፣ ዘግይቶ ቁመት ከጣለ ወይም ቡድኑ የእሱን ችሎታ የማያሳይ ጨዋታ ከተጫወተ ይታለፋል።

ካም ዋርድን እንውሰድ። ቴክሳስ ያደገ ኳርተርባክ ነው። የኳርተርባክ ሥራ መወርወር ነው። የሃይስኩል ቡድኑ ግን ኳስ ይዞ መሮጥ ይወድ ስለነበር ብዙም አይወረውርም። ስኮላርሺፕ ያቀረበለት ኢንካርኔት ዎርድ የሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። በ2025 የኤንኤፍኤል ድራፍት ላይ (የፕሮፌሽናል ሊጉ ቡድኖች ከኮሌጅ ተጫዋች የሚመርጡበት ነው) ከሁሉም ቀድሞ አንደኛ የተመረጠው ይኸው ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ብሏል። በ2018 "ትራንስፈር ፖርታል" የሚባል ነገር መጣ። ኮሌጅ መቀየር የፈለገ ተጫዋች ስሙን እዚያ ያስገባል፤ ሌሎች አሰልጣኞች አይተው ይጠሩታል። እስቲ ራሳችሁን በአሰልጣኙ ቦታ አድርጉ። ነገ ካላሸነፈ የሚባረር ሰው የ18 ዓመት ልጅ ወስዶ ሦስት ዓመት ያሳድጋል ወይስ ኮሌጅ ውስጥ የተፈተነ የ21 ዓመት ጎልማሳ ይወስዳል? ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች ከስፖርት ገቢያቸው ለተጫዋቾች የሚያካፍሉበትን አዲስ ስምምነት የተቀበሉ የዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ትምህርት ቤቶች ከ105 በላይ ተጫዋች መያዝ አይችሉም። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ "ዎክ-ኦን" ሆነው የሚገቡ ልጆች ብዙ ቦታ ነበራቸው። ያ ቦታ ጠቧል።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። "ጎበዝ ከሆነ ራሳቸው ይመጣሉ" የሚለው ነገር ለአብዛኛው ልጅ እንደማይሠራ እንድታውቁ ነው።

አንደኛ፦ ከሜዳው በፊት ወረቀቱ

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ። ምክንያቱም የኛ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው።

በዲቪዥን አንድና ሁለት ለመጫወት፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ልጁን ማጽደቅ አለበት። ማዕከሉ የሚያየው የሪፖርት ካርዱን አጠቃላይ ጂፒኤ አይደለም። 16 "ኮር" የሚባሉ ኮርሶችን ለይቶ የእነሱን ውጤት ብቻ ያሰላል። ለዲቪዥን አንድ የእንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ የሒሳብ 3 ዓመት (ከአልጀብራ አንድ ጀምሮ)፣ የሳይንስ 2 ዓመት፣ የማኅበራዊ ሳይንስ 2 ዓመት ይጠይቃል። የቀረው በተጨማሪ ኮርሶች ይሞላል። ዝቅተኛው የኮር ጂፒኤ ለዲቪዥን አንድ 2.3፣ ለዲቪዥን ሁለት 2.2 ነው። የኤስኤቲ ፈተና ግዴታ በ2023 ቀርቷል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ለዲቪዥን አንድ ከ16ቱ 10ሩ፣ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ከ10ሩ ውስጥ ደግሞ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። 12ኛ ላይ ደርሶ "አሁን አስተካክላለሁ" ማለት አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ከኢትዮጵያ በቅርብ ለመጣ ልጅ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

የመጀመሪያው ኢኤስኤል ነው፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት። የጀማሪዎቹ የኢኤስኤል ክፍሎች በአብዛኛው እንደ ኮር እንግሊዝኛ አይቆጠሩም። እያንዳንዱ ሃይስኩል በማዕከሉ የጸደቀ የኮርስ ዝርዝር አለው፤ ድረ-ገጹ ላይ በትምህርት ቤቱ ስም ይፈለጋል። ዝርዝሩን አትማችሁ ካውንስለሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። "ይኼኛው ይቆጠራል? ይኼስ?" እያላችሁ በጣታችሁ አሳዩ። ካውንስለሩ ሦስት መቶ ልጅ ይዟል፤ ስለ ፉትቦል ሕግ ላያውቅ ይችላል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። አንድ ልጅ አዲስ አበባ 9ኛን ጨርሶ መጣ እንበል። እዚህ "እንግሊዝኛው ይጠንክር" ተብሎ እንደገና 9ኛ ገባ። ለቤተሰቡ ጥሩ ነው፤ ዓመት አተረፈ። ማዕከሉ ግን መቁጠር የሚጀምረው መጀመሪያ 9ኛ ክፍል ከገባበት ቀን ነው። ከዚያ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ የወሰዳቸው ኮርሶች ለዲቪዥን አንድ ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ክፍል ከማስደገማችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሦስተኛው የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረበት ትምህርት ቤት ሁሉ ኦሪጅናል ውጤት ያስፈልጋል፤ በአማርኛ የተጻፈው በሕጋዊ መንገድ መተርጎም አለበት። ይህን ዘመድ ልኮ ማስወጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ። "ማኅተሙን የሚመታው ሰውዬ የለም፣ ነገ ተመለሱ" ይባላል። 11ኛ ላይ ጀምሩት። እግረ መንገዳችሁንም የልደት ቀኑን አስተያዩ። ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲገለበጥ ተሳስቶ አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዓመት የጨመረ ልጅ አይቻለሁ። የሃይስኩል ስፖርት የዕድሜ ገደብ ስላለው ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ፦ የትኛው በር?

ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ኤፍቢኤስ የሚባለው የዲቪዥን አንድ ላይኛው እርከን ነው፤ ከ130 በላይ ቡድኖች አሉት። ከሥሩ ኤፍሲኤስ አለ፤ እሱም ዲቪዥን አንድ ነው። ከዚያ ዲቪዥን ሁለት፣ ዲቪዥን ሦስት፣ ኤንኤአይኤ (ከኤንሲኤኤ ውጭ ያለ የትናንሽ ኮሌጆች ማኅበር) እና የሁለት ዓመት ኮሌጆች ይከተላሉ። ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ዲቪዥን ሁለት ይሰጣል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ተቆራርሶ ለብዙ ልጅ ስለሚከፋፈል ሙሉ አይሆንም።

አበሻ ወላጅ "ዲቪዥን ሦስት" ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። እኔም ጠቁሮብኝ ነበር። እስቲ አካባቢያችንን እንይ። ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው ሼፐርድ የሚባል የዲቪዥን ሁለት ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ታይሰን ቤጀንት ድራፍት ላይ ማንም አልመረጠውም። በዚያው በ2023 ግን ለኤንኤፍኤሉ ቺካጎ ቤርስ ኳርተርባክ ሆኖ ጨዋታ ጀመረ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በፉትቦል ዲቪዥን ሦስት ነው። ከዚያ መመረቅን የሚጠላ ወላጅ ካለ ይንገረኝ። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም ኤፍሲኤስ ውስጥ ቢሆንም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። እርዳታው የሚለካው በቤተሰብ ገቢ ነው። ሃርቫርድ ከ2025-26 ጀምሮ፣ ብዙ ሀብት ከሌለው በቀር፣ በዓመት 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገባ ቤተሰብ ምንም አይከፍልም ብሏል። ኡበር እየነዳ ልጅ የሚያሳድግ አባት ይህን ሁለት ጊዜ ያንብበው።

የልጁን ደረጃ እንዴት ታውቃላችሁ? የሃይስኩል አሰልጣኙን ለብቻው አግኙትና "ወንድሜ፣ ይሉኝታ ይቅር፣ የት ይጫወታል?" በሉት። ከዚያ በዚያ ደረጃ ያሉ የሦስትና አራት ኮሌጆችን የተጫዋች ዝርዝር ድረ-ገጻቸው ላይ ክፈቱ። በልጃችሁ ቦታ የሚጫወቱትን ቁመትና ክብደት አወዳድሩ። ልጄ ላይንባከር ነበር፤ ኳስ ይዞ የሚመጣውን የሚያስቆም። ቁመቱ 5 ጫማ ከ11 ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ጋ ከእሱ የሚያጥር ላይንባከር ፈልጌ አጣሁ። ዲቪዥን ሁለትና ሦስት ውስጥ ግን ሞልተዋል። ያን ቀን ምሽት ሃምሳ ኮሌጅ የነበረበት ዝርዝራችን ተሰርዞ ተሰርዞ ሌላ ዝርዝር ሆነ።

ሦስተኛ፦ ፊልሙ

የሃይስኩል ቡድኖች ጨዋታቸውን ሃድል የሚባለው ገጽ ላይ ያስቀምጣሉ። ልጁ ከዚያ ቆርጦ የራሱን ፊልም ይሠራል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አሰልጣኙ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክሊፖች አይቶ ካልጣመው ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ምርጡ መጨረሻ ላይ አይቀመጥም። በየክሊፑ እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊት ልጁ የቱ እንደሆነ በቀስት ወይም በክብ ምልክት አሳዩ። ስድብ ያለበት ራፕ አይግባበት። ሙሉ የአንድ ጨዋታ ፊልምም ተዘጋጅቶ ይቆይ፤ የወደደው አሰልጣኝ ይጠይቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ተቀመጥን። እኔ መጀመሪያ እንዲገባ የፈለግሁት ኳስ ነጥቆ ስልሳ ያርድ ሮጦ ያገባበትን ነበር። በየስልኩ የላክሁት እሱን ነው፤ አዲስ አበባ ያለች አክስቱ ሳትቀር አይታዋለች። የሃይስኩል አሰልጣኙ በኋላ ሲያየው ሳቀ። "ባዶ ሜዳ ላይ ማንም ይሮጣል" አለ። በምትኩ እኔ ልጥላት የነበረችውን ክሊፕ አስቀደመ። ሁለት እርምጃ ብቻ ናት። ልጄ ጨዋታው ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ቀድሞ ያነባል፣ የሚያግደውን ግዙፍ ልጅ በሁለት እጁ ያራግፈዋል፣ ሯጩን እዚያው ያስቀረዋል። ጭብጨባ የለ፣ ሩጫ የለ። በኋላ የደወለልን አሰልጣኝ ለይቶ ያነሳት ክሊፕ እሷ ናት።

አራተኛ፦ ኢሜይሉ

ኳርተርባኩ ጆሽ አለን ያደገው ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋየርባው በምትባል የእርሻ ከተማ ነው። ሃይስኩል ሲጨርስ አንድም የዲቪዥን አንድ ስኮላርሺፕ አልቀረበለትም። ሪድሊ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ። እዚያ ሆኖ በየትልልቁ ፕሮግራም ላሉ አሰልጣኞች ኢሜይል በጅምላ ላከ። ዋዮሚንግ ወሰደው። በ2018 ድራፍት 7ኛ ተመረጠ፤ በ2024 የውድድር ዘመን የኤንኤፍኤል ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ኢሜይል መላክ የሚያሳፍረው ልጅ ካላችሁ ይህን አጫውቱት።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። ርዕሱ መስመር ላይ የሚመረቅበት ዓመት፣ ቦታው፣ ቁመትና ክብደቱ፣ ትምህርት ቤቱና ስቴቱ፣ ጂፒኤው ይቀመጥ። ውስጡ አምስት ስድስት መስመር አይለፍ። ለምን ያን ኮሌጅ እንደመረጠ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር፣ የፊልሙ ሊንክ፣ የሃይስኩል አሰልጣኙ ስልክ፣ የሚቀጥሉት ጨዋታዎች ቀን፤ በቃ። ለዋናው አሰልጣኝ ብቻ አይላክ። የልጁን ቦታ ለሚያሠለጥነውና አካባቢያችሁን ለሚመለምለው አሰልጣኝም ይሂድ። ስማቸው የኮሌጁ የስፖርት ገጽ ላይ አለ። ብዙዎቹ ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይም መልእክት ያነባሉ። የልጁን ገጽ ግን መጀመሪያ አጽዱት።

ኢሜይሉን ልጁ ይጻፈው። አባት የጻፈው ያስታውቃል።

ቀኑንም እወቁ። በፉትቦል የዲቪዥን አንድ አሰልጣኞች ለልጁ በግል መጻፍ የሚችሉት ከ11ኛ ክፍል ሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ዝም ቢሉ ንቀት አይደለም፤ ሕጉ ነው። ዲቪዥን ሁለት 11ኛ ከመግባቱ በፊት ካለው ጁን 15 ጀምሮ መደወል ይችላል። 12ኛ ክፍል ገብቶ፣ ሦስት ጊዜ ጽፎ፣ መልስ ካልመጣ ግን ዝምታው መልስ ነው። ወደሚቀጥለው እለፉ።

አንድ ሞኝነቴን ልናገር። "ልጅዎን ለ800 አሰልጣኞች እናስተዋውቃለን" ላለ አንድ ድርጅት 2,400 ዶላር ከፈልሁ። ያደረጉት አንድ ዓይነት መልእክት በጅምላ መበተን ነው። አንድ መልስ መጣ፤ እሱም ሌላ የካምፕ ማስታወቂያ ነበር። ልጄ በራሱ እጅ ከጻፋቸው አርባ ኢሜይሎች ዘጠኝ መልስ አገኘ። ብሬን ውሃ በላው።

አምስተኛ፦ ካምፕ

ጁን ላይ ኮሌጆች ካምፕ ያዘጋጃሉ፤ አሰልጣኞች ልጆችን ሜዳ ላይ የሚያዩበት ነው። የካምፕ ግብዣ ሲመጣ አትፈንድቁ። አብዛኛው ማስታወቂያ ነው፤ ስሙን ለጠየቀ ሁሉ ይላካል። ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ ለአሰልጣኙ ይጻፍና "ፊልሜን አይተውታል? በኔ ቦታ በዚህ ዓመት ስንት ልጅ ትወስዳላችሁ?" ይበል። መልስ የሰጠ ጋ ሂዱ። በሰፋፊዎቹ ካምፖች የብዙ ትናንሽ ኮሌጆች አሰልጣኞችም እየመጡ ይሠራሉ። ለታለፈ ልጅ ዋጋ ያለው ይኼኛው ነው፤ በአንድ ቀን አሥር ዓይን ያየዋል። ዲቪዥን ሦስት የልጁ ደረጃ ሆኖ ሳለ ዝነኛ ስም ያለው ካምፕ ለፎቶ ብሎ መሄድ ግን የቤንዚን ብክነት ነው።

አትሌቲክስም ይሩጥ። በትራክ ውድድር የተመዘገበ የ100 ሜትር ሰዓት፣ አባት በስልክ ከያዘው የ40 ያርድ ሰዓት ይልቅ ይታመናል።

ስለ ጾም ትንሽ

ይህን የትም መመሪያ ላይ አታገኙትም። ክብደት የሚጨመርበት ወቅት ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱን ነው። የኛ ጾም ደግሞ አይለቅም፤ ነቢያት ከኖቬምበር መጨረሻ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ኤፕሪል ይወስደዋል። ልጄ ይጾማል፤ ይጹም። አሰልጣኙ ግን በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። እናቱ መላ አበጀች። ሽሮው ወፍራም ሆነ፣ ምስሩ እጥፍ ሆነ፣ ሩዙ አልቀረም፣ ማታ ማታ የለውዝ ቅቤ በዳቦ። ኪሎ ጨመረ፤ በጥቂቱ። ስለ ጾሙ ለአሰልጣኙ ራሱ ልጁ ነገረው። አሰልጣኙ "ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?" ብሎ የምግብ ዕቅዱን ቀየረለት። ሙስሊም ልጆችም በረመዳን ልምምድ ላይ ከሆኑ ቀድመው ይናገሩ።

ስድስተኛ፦ "ኦፈር" ሲመጣ

እኛ ቤት ቃል የእምነት ዕዳ ነው። እዚህ የቃል ኦፈር አየር ላይ ያለ ነገር ነው። አሰልጣኙም ሊያነሳው ይችላል፣ ልጁም ሊተወው ይችላል። የሚያስረው የተፈረመ የገንዘብ እርዳታ ስምምነት ነው። ስለዚህ ልጁ በትሕትና "ዛሬ እሺ ብል ትቀበሉኛላችሁ?" ይበል። አሰልጣኙ ከተንተባተበ ነገሩ ገና ነው። የፊርማው ወቅት ዲሴምበር ላይ ይከፈታል፤ ያልፈረመ ደግሞ ፌብሩዋሪን ይጠብቃል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። "ስኮላርሺፕ አገኘ" ብላችሁ ለቤተ ዘመድ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሁሉ ተቀንሶ ከኪሳችን በዓመት ስንት ይወጣል? ጥቂት ሺህ ዶላር የሰጠ ዲቪዥን ሁለት፣ በትምህርት ውጤቱ ብዙ ከቀነሰለት ዲቪዥን ሦስት ይልቅ ብዙ ሊያስወጣችሁ ይችላል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ-ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ አለው። ፋፍሳን፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን፣ ቶሎ ሙሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ (ረፊዩጂ) ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ያለ ልጅ ካላችሁ የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ቀድማችሁ አነጋግሩ። አንዳንድ ኮሌጅ ከራሱ ኪስ ይረዳል። ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ፦ ቢጎዳ ስኮላርሺፑ ይቀጥላል? አሰልጣኙ ቢባረርስ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፌብሩዋሪ ካለፈስ?

አላለቀም። አንዳንዱ ተጫዋች ይለቃል፣ አንዳንዱ በትምህርት ይወድቃል፣ ቦታ ይከፈታል። ዲቪዥን ሦስትና ኤንኤአይኤ እስከ በጋ ይመለምላሉ። የሁለት ዓመት ኮሌጅም አለ፤ ታዋቂው የኤንኤፍኤል ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስ የጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢዩት በሚባል እንዲህ ያለ ኮሌጅ ነው። ልጁ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ ነገር ይዞ ይጻፍ። አዲስ ክብደት፣ አዲስ ውጤት፣ አዲስ የሩጫ ሰዓት ይሁን። "ሰላም ነው?" ብቻ ብሎ አይጻፍ።

ለልጄ የተደወለው ኤፕሪል ላይ ነው፤ ቅዳሜ ሹር። ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታውዷል፣ የሚቀምስ ግን የለም። የደወለው የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የላይንባከሮች አሰልጣኝ ነበር። አንድ ልጅ እንደለቀቀባቸው ነገረንና ልጄ አሁንም ፍላጎት እንዳለው ጠየቀ። ልጄ ቆሞ ነው የሚያወራው። ከዚያ "አሁን ክብደትህ ስንት ነው?" አለው። ልጄ ዝም ብሎ እናቱን አየ። እሷ ማማሰያዋን እንደያዘች በአማርኛ "ነገ ፋሲካ ነው፣ ሰኞ መዝነኝ በለው" አለችው።